ቁልቁለትና ጉልበት

በአማርኛ ጉልበት የሚለው ቃል የአካልን ክፍልም ኀይልንም በአንድነት ማመልከቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ጉልበቱ የተጎዳ ሰው ነጋዴ ቢሆን ከሱቁ፥ ሹም ቢሆን ከአደባባዩ ይቀራልና።

ከአሥመራ ወደ ምጽዋ በሚወስደው መንገድ ከነፋሲት በላይ የሚታየው የደብረ ቢዘን ገዳም በ14ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ፊልጶስ የተመሠረተ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፥ ተሳላሚው የሚወጣው በእግሩ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ ጉልበትን ይበልጥ የሚፈትነው ግን ቁልቁለቱ ነው። በመውረድ ጊዜ የጭን ጡንቻ ሰውነትን እንደ ልጓም ስለሚይዝ፥ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውየው ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጡንቻው ደክሞ ሳለ እግር በድንጋይ መካከል ተተክሎ ሰውነት ቢዞር፥ ጅማት ሊበጠስ ወይም በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈው ቅርጭጭት ሊቀደድ ይችላል።

አደጋ የደረሰበት ሰው በመጀመሪያ ቢያርፍ መልካም ነው። «እየሄድኩ ይፍታታል» በማለት ትንሹን ጉዳት ትልቅ ያደረጉ ብዙዎች ናቸው። ጉልበቱን ከፍ አድርጎ፥ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማኖር ሕመሙን ያስታግሣል። ፋሻውም ደም እንዳያግድ ሳይጠብቅ ይታሰር። መውረድ ግድ ቢሆን በባልንጀራ ትከሻና በዘንግ ተደግፎ፥ ካልተቻለም በቃሬዛ ነው።

እብጠቱ የመጣበት ሰዓትም ነገር ይናገራል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ብዙ ጊዜ ደም የቋጠረ ስለሆነ የጅማት መበጠስ ወይም ስብራት ያስጠረጥራል፤ በማግሥቱ ያበጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው።

ራጅ መነሣት የሚገባው ማን እንደ ሆነ ለመለየት፥ በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አምስት ምልክቶችን አስታወቁ። እነዚህም ዕድሜው 55 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፤ ሲነኩት የሚያመው የጉልበቱ ሎሚ ብቻ የሆነ፤ ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል ያለው የቀጭኑ አጥንት ራስ ሲነካ የሚያመው፤ ጉልበቱን እስከ 90 ዲግሪ ማጠፍ ያልቻለ፤ በአደጋው ጊዜም በሐኪም ፊትም አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ናቸው። ከነዚህ አንዱ የተገኘበት ራጅ መነሣት ይገባዋል። እግሩ የቀዘቀዘ ወይም የደነዘዘ፥ ጉልበቱ አብጦ ትኩሳት የያዘው ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ባለሙያ ነው። ይሁን እንጂ ስብራት አለመኖሩ ሳይታወቅ ያበጠን ጉልበት ማሸትና መጎተት የተሰነጠቀውን አጥንት ሊያፈናቅል ይችላልና፥ ምርመራው ይቅደም።

ሕመሙ ሲበርድ ለረጅም ጊዜ መተኛት ጡንቻን ያመነምናል። ስለዚህ በሐኪም ምክር ጉልበትን ቀስ በቀስ ማጠፍና መዘርጋት፥ የጭንንም ጡንቻ ማጠንከር ያስፈልጋል። ሁለት ዘንግ ይዞ መውረድ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና እስከ 25 በመቶ ሊቀንስ መቻሉ በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣ ጥናት ተገልጧል። ስለዚህ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ዘንጉን ለሽማግሌ ብቻ የተገባ አድርጎ አይቁጠረው፤ ለመውጫ ካሰበው ጊዜም ለመውረጃ አያሳንስ።