«ጄ ሲ» እንዴት ጄሲ ሆነ?

ስማችሁን አበላሽቶ የሚጠራ አስተማሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጄምስ ክሊቭላንድ ኦወንስን ቤተሰቦቹ በአጭሩ «ጄ ሲ» ይሉት ነበር። አዲስ ትምህርት ቤት ሲገባ አስተማሪዋ «ጄሲ» ብላ ሰማች፤ በዚያው ቀረ።

ጄሲ በትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በኦሃዮ ስቴት ተማረ። ጥቁር ስለነበር ግቢው ውስጥ ማደር አልተፈቀደለትም፤ ሊፍት እያንቀሳቀሰም ይሠራ ነበር። እንዲህም ሆኖ በፈረንጆች ሜይ 25 ቀን 1935፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ ሦስት የዓለም ሪከርዶች ሰበረ፣ አንድ ደግሞ እኩል አደረገ። (እኔ የሒሳብ ሠራተኛው በ45 ደቂቃ አንድ መዝገብ አልዘጋም!) ርዝመት ሲዘል የደረሰበትን 8 ሜትር ከ13 እስከ 1960 ድረስ ማንም አላለፈውም። በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ 4 ወርቅ አገኘ።

ግቢው ውስጥ ያላሳደረው ዩኒቨርሲቲ በ1972 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ዛሬ እዚያ ያለው የአትሌቲክስ ስታዲየም በስሙ ይጠራል፤ የተጻፈውም አስተማሪዋ እንደሰማችው፣ «ጄሲ» ተብሎ ነው።