ሲተረፍ በብልሃት፣ ሲከሰር በገበያው

ነጋዴ ሲያተርፍ «ገበያውን ዐውቀዋለሁ» ይላል፡፡ ሲከስር ጥፋቱ የዶላሩ፣ የደላላው ወይም የዘመኑ ይሆናል፡፡ ጎረቤቱ ሲያተርፍ ግን «ዕድል ቀናው»፣ ሲከስር «ድሮም ንግድ አይችልም» ይባላል፡፡ ለራስ አንድ ሚዛን፣ ለሌላው ሌላ ሚዛን መሆኑ ነው፡፡

ይህንን ስሕተት የሥነ ልቦና ምሁራን ከመረመሩት ቆይተዋል፡፡ ስዊድናዊው ኦላ ስቬንሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት አሜሪካውያን ተማሪዎች 93 በመቶ፣ ከስዊድናውያኑ ደግሞ 69 በመቶ የሚሆኑት በመኪና መንዳት ችሎታ ከመካከለኛው ሾፌር እንበልጣለን ብለዋል፡፡ ሊበልጥ የሚችለው ግን ግማሹ ብቻ ነው፡፡

በገበያ ላይ ይህ ግምት ገንዘብ ያስከፍላል፡፡ ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን፣ በአንድ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት በኩል የሚገበያዩ 66,465 ቤተሰቦችን ሒሳብ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል፡፡ ከ1991 እስከ 1996 በነበረው ጊዜ ገበያው በዓመት በአማካይ 17.9 በመቶ ሲያስገኝ፣ አብዝተው ሲገዙና ሲሸጡ የነበሩት ያገኙት 11.4 በመቶ ነበር፡፡ ልዩነቱን የበላው በዋናነት ኮሚሽንና ሌላው የመገበያያ ወጪ ነው፡፡ ለዚህ ሁሉ መገበያየት ምሁራኑ የሰጡት ምክንያት በራስ ዕውቀት ከመጠን በላይ መተማመንን ነው፡፡

ኦዲን በ1998 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ባለአክሲዮኖች ያተረፈውን ቶሎ ሸጠው የከሰረውን ይዘው እንደሚቆዩ አሳይተዋል፡፡ የሸጡትም በሚቀጥለው ዓመት በአማካይ ይዘው ከቆዩት የተሻለ አስገኝቷል፡፡ በኪሳራ መሸጥ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ማመን ነውና ያስጨንቃል፡፡ «ዋጋው ይመለሳል» እያለ መጋዘኑን ቆልፎ የሚጠብቅ የሰሊጥ ነጋዴም ይህንን ያውቀዋል፡፡

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ጉዳዩ ለአገራችን ባለሀብትም ቅርብ ሆኗል፡፡ ታዲያ ምን ይደረግ?

ከመግዛት በፊት የሚገዛበትን ምክንያትና የሚሸጥበትን ዋጋ ከነቀኑ በደብተር ማስፈር ይጠቅማል፡፡ ሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ «ድሮም ገብቶኝ ነበር» ማለት ይወዳል፤ የተጻፈ ቃል ግን አይለወጥም፡፡ ዋጋው ሲወርድ ደብተሩን መግለጥ ነው፡፡ የተጻፈው ምክንያት ፈርሶ ከሆነ መሸጥ፣ ካልፈረሰ መታገሥ ይቻላል፡፡ ዋጋው ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ ትርፉ በተጻፈው ምክንያት ካልመጣ ያው ለጎረቤት የተባለው ዕድል ነው፡፡