እማሆይ ጽጌማርያም ጃዝ ተጫዋች አልነበሩም

ከቱርሚ ወደ ዱስ ስንወርድ ሾፌራችን አቧራው እንዳይገባ መስኮቱን ዘግቶ ከስልኩ የፒያኖ ሙዚቃ ከፈተ። ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛችን «የፈረንጅ ፊልም ሙዚቃ ነው» አለ። ሾፌሩ «ኧረ ጃዝ ነው፤ ቱሪስቶች ናቸው የጫኑልኝ» ብሎ አረመው። አብራን የነበረችው ልጅ ደግሞ «መነኩሲት ናቸው አሉ፤ ፍቅር ከድቷቸው የመነኑ» አለች። እኔም ከማን አንሼ፣ «የኢትዮጵያ ሾፐን ናቸው» ብዬ የሰማሁትን ደገምኩ። የኦሞ ወንዝ ከገደሉ ሥር እስኪታየን ስንከራከር ቆየን። አራታችንም ስተናል፤ አንዳችን ግን በግማሽ ብቻ።

በግማሽ የዳነው የፊልሙ ሰው ነው። ከስልኩ የሰማነው የመነኩሲቷ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ በ2020 «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» ውስጥ ተሰምቷል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚቃው ግን ለፊልም አልተሠራም፤ የፈረንጅም አይደለም።

የጃዙ ወሬ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሸክላ ሙዚቃዎች ስብስብ 21ኛ ቅጹን በ2006 ለእማሆይ ሰጠ። የስብስቡ ሌሎች ቅጾች በአብዛኛው የስድሳዎቹና የሰባዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶችና የጃዝ ሰዎች ናቸው፤ አድማጭም እሳቸውን እዚያው መደርደሪያ ላይ አስቀመጣቸው። ጆሮም ያሳስታል። የእኛ ቅኝት በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ በብሉዝ ያደገ ሰው ሲሰማው የቤቱ ዜማ ይመስለዋል።

ትምህርታቸው ግን ሌላ ነው። በ1923 አዲስ አበባ የተወለዱት የውብዳር ገብሩ፣ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ ትምህርት ቤት ገቡ። (ስንዱ ገብሩ ኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ናቸው፤ ለእሳቸው ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።) ቫዮሊኑም ፒያኖውም የተጀመረው እዚያ ነው። በጣሊያን ወረራ ቤተሰቡ ወደ አሲናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮልያኖ ተጋዘ። ከነጻነት በኋላ ወጣቷ የውብዳር ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ተማሩ፤ በቀን አራት ሰዓት ፒያኖ፣ አምስት ሰዓት ቫዮሊን። የካይሮ ሙቀት አልስማማ ብሏቸው ሲመለሱ መምህሩም አብረው መጡና የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ኃላፊ ሆኑ።

ፍቅር ከድቷቸው የሚለው ታሪክ ለልብ ወለድ ይመቻል፤ የሆነው ግን የበለጠ ያማል። ለንደን በሚገኘው ሮያል የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል አግኝተው ነበር፤ ከአገር እንዲወጡ ግን አልተፈቀደላቸውም። እህል አልቀምስም ብለው ታመው ሆስፒታል ተኙ። ከዚያ ግሸን ማርያም ወጡና መነኮሱ፤ ጽጌማርያም ተባሉ። ጫማ ሳይጫሙ ወደ አሥር ዓመት ያህል አምባው ላይ ኖሩ። ግሸን ያለችው አምባሰል ነው፤ ያው የቅኝቱ ስም የሆነው አምባሰል።

ምንኩስናው ሙዚቃውን አፈነው የሚሉም አሉ። እኔ በተቃራኒው ሞላው እላለሁ። ከግሸን ከወረዱ በኋላ በስድሳዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን፣ እየለመኑ ዜማ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች ያዩትም እዚያ ነው። የምሰጣቸው ገንዘብ ባይኖረኝ ሙዚቃዬ አለ ብለው ተነሱ። በ1967 ጀርመን ውስጥ የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኛ ልጆች የዋለው ለዚህ ነው። ስለዚህ «በ2006 ተገኙ» የሚለውም ወሬ አይሠራም፤ ሸክላው ከዚያ በፊት 39 ዓመት ዕድሜ ነበረው።

ሾፐንስ? ይህ የእኔው ስህተት ነው። ከሮማንቲኩ ዘመን የፒያኖ ሊቃውንት አንድ አምሳያ ካስፈለገ እኔ ዛሬ ፍራንዝ ሊስትን እመርጣለሁ። ሊስት በ1825፣ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ «ዶን ሳንሽ» የተባለ ኦፔራው ፓሪስ ላይ ታየለት፤ ሌላ ኦፔራ ግን አልጨረሰም። በ1865 ሮም ላይ የመጀመሪያዎቹን የክህነት ማዕርጋት ተቀብሎ ቀሚስ ለበሰ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ አቤ ሊስት ሲለው፣ እሱም ማቀናበሩን ሳያቋርጥ ኖረ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ሊስት አውሮፓን ካጥለቀለቀ ዝና በኋላ ነው ቀሚሱን የለበሰው፤ እማሆይ ዝናው በሩን ሲዘጋባቸው ነው ቆቡን የደፉት። ኦፔራም አልጻፉም። አብዛኛው ሥራቸው ለብቻ ፒያኖ ነው፦ ግራ እጅ የካይሮን ትምህርት ይዞ በርጋታ ይሄዳል፤ ቀኝ እጅ በቅኝቱ እየተጠማዘዘ ድምፁን እንደ መሪጌታ ያንቀጠቅጣል። ምቱን በእግርዎ ልከተል ካሉ ይጠፋብዎታል፤ ዜማውን በትንፋሽዎ ቢከተሉት ይሻላል።

ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም፣ ፒያኖ ባለባት ክፍል ኖረው ማርች 26 ቀን 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

የቀረው አንድ ስህተት «ድምፃቸው አይሰማም፤ ፒያኖ ብቻ ነው» የሚለው ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሆነው ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ የዘፈኑትን በካሴት ቀርጸውት ነበር፤ ካረፉ በኋላ በ2024 «ሱቬኒርስ» ተብሎ ወጣ። ጃዝ ነው ብሎ የሚከራከር ሾፌር ካጋጠመዎ እሱን ይክፈቱለት። ከመስኮቱ ውጭ የአዲስ አበባ ወፎች ይሰማሉ።