ምዕራባውያን የምንላቸው እነማን ናቸው?



ንግግሬን ከቅርባችን፣ ከቢዮ አዋሌ ልጀምር። ከዚያ የተነሣ መንገደኛ ፊቱን ወደ ፀሐይ መግቢያ አቅንቶ ቢጓዝ፣ ደቡብ ሱዳንን፣ ናይጄሪያንና ጋናን አቋርጦ በጊኒ በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስ ይደርሳል። በመንገዱ ካገኛቸው አገሮች አንዱንም «ምዕራባዊ» አንለውም። ከእኛ በደቡብ ምሥራቅ የምትገኘውን አውስትራሊያን ግን ያለ ማመንታት ምዕራባዊት እንላታለን። እንግዲህ ቃሉ የአቅጣጫ ስም አይደለም።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? ሦስቱን ላቅርብ። የመጀመሪያው የሃይማኖት ታሪክ ነው፤ ምዕራብ ማለት የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ከእርሷ የተለየው የፕሮቴስታንት እምነት የቀረጹት ዓለም ነው። ሁለተኛው ወታደራዊ ቃል ኪዳን ነው። ሦስተኛው የኢኮኖሚ ብልጽግናና የአስተዳደር ሥርዓት ነው።

መለኪያው ሲለወጥ ዝርዝሩም ይለወጣል። የባቡር ሐዲድ በወለዳት በድሬዳዋ ግሪኮችም ፈረንሳውያንም ኖረዋል፤ እኛም ሁለቱንም በአንድነት «ፈረንጅ» ብለናቸዋል። በመጀመሪያው መለኪያ ግን ኦርቶዶክሳዊቷ ግሪክ ከምዕራብ ውጭ ናት። በሁለተኛው፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ኔቶን ስለተቀላቀለች ትገባለች፤ በዚያው ዓመት የተቀላቀለችው ቱርክም አብራ ትገባለች። በሦስተኛው ደግሞ ጃፓን እንኳ ትቆጠራለች።

የእኛው አገር ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1951 እ.ኤ.አ. የቃኘው ሻለቃ ኮርያ ሲዘምት ኢትዮጵያ ከምዕራቡ ጎራ ጋር ተሰልፋ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊቷን ወደ ሶቪየት ኅብረት አዞረች። ሕዝቡ ያው ነበር፤ የተለወጠው የመንግሥት ወዳጅነት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መለኪያዎቹን ስናደባልቅ፣ መሠልጠን ማለት ምዕራባዊ መሆን ነው ወደሚል መደምደሚያ ሳናውቀው እንደርሳለን። ቀደምት ምሁራኖቻችን ይህን ለይተው ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1931 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት በ1889 እ.ኤ.አ. የታወጀውን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጓል፤ ማንነትን ሳይለቁ ዘመናዊ መሆን እንደሚቻል ጃፓን አሳይታ ነበርና።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ «ምዕራባውያን እንዲህ አሉ» የሚል ዜና ስትሰሙ ከመስማማታችሁም ከመቃወማችሁም በፊት ጠይቁ፦ እነማን? በየትኛው መለኪያ?