አፋር፦ ሦስት ፕሌቶች የሚለያዩበት ምድር

የአፋር ዝቅተኛ ምድር የምድር ቅርፊት በሦስት አቅጣጫ የሚሳብበት ቦታ ነው። ፕሌት የሚባለው የሚንቀሳቀስ ግዙፍ የቅርፊት ቁራጭ ነው። በሰሜን ምሥራቅ የዓረቢያ ፕሌት፣ በምዕራብ አብዛኛውን አፍሪካ የተሸከመው የኑቢያ ፕሌት፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የሶማሊያ ፕሌት እዚህ ይገናኛሉ፤ ይልቁንም እዚህ ይለያያሉ። የሚለያዩባቸው ስንጥቆች ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ናቸው። ሁለቱ ውሃ ሞልቷቸዋል፤ ሦስተኛው ገና ደረቅ ነው። ዓረቢያ በአማካይ በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትርቅ፣ የሶማሊያ ፕሌት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ይርቃል።

ነገሩ የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከጥልቅ የመጣ ትኩስ አለት የምድሩን ቅርፊት ከሥር ገፍቶ አነሣው፤ ከረጃጅም ስንጥቆች የወጣ ላቫም አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ በቦታ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ደረሰ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ይህን ታሪክ ከላይ ወደ ታች ያነበዋል፦ አናቱ ላይ ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ የሚሉት ባዛልት፣ ከሥሩ ባሕር ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ፣ ከሁሉም በታች የአሸዋ ድንጋይ። ላቫው የተኛው ቀድሞ ባሕር በነበረ መሬት ላይ ነው ማለት ነው።

ከመሬት በታች ያለው አለት በአብዛኛው ጠጣር ነው። እጅግ ቢሞቅም የላዩ ክብደት ስለሚጫነው አይቀልጥም። ቅርፊቱ ሲሳብና ሲሳሳ ግን ጫናው ይቀንሳል፤ ያኔ ሙቀት ሳይጨመርበት ከፊሉ ይቀልጣል። ቅልጡ ከዙሪያው ካለው አለት ቀላል በመሆኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ በስንጥቅም ይገባል። አፋርን ለመረዳት ዋናው ቁልፍ ይህ ነው። ምድሩ የሚሰፋው እንደ ጨርቅ ተቀድዶ ብቻ አይደለም፤ የተከፈተውን ቅልጥ አለት እየገባ ይሞላዋል፣ ሲቀዘቅዝም አዲስ ቅርፊት ይሆናል።

ይህ ደግሞ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ አይከናወንም። የመሳቡ ውጥረት ለዘመናት ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይፈታል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ባሉት በዳባሁና በማንዳ ሐራሮ እሳተ ገሞራዎች መካከል ምድሪቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ስትንቀጠቀጥ ሰነበተች። ቅልጥ አለት እንደ ቋሚ ግድግዳ ሆኖ ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤ ምድሩንም በሰፊው ቦታ እስከ 8 ሜትር ከፈተው። በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር በሚለው ሒሳብ ይህ የ400 ዓመት ሥራ ነው። የገባው ቅልጥ ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር ኩብ ሲገመት፣ ወደ ላይ የወጣው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም፦ ዳኡሬ በተባለው ቦታ 500 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተከፍቶ አመድና ጥቂት ላቫ ተፋ። ሳተላይት ራዳር ባይኖር ኖሮ ከመሬት በታች የሆነው ትልቅ ጉዳይ መጠኑ በወጉ ሳይታወቅ በቀረ ነበር። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስም በዚያው መስመር ቅልጥ አለት ከአሥር ጊዜ በላይ በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ግን በአነስተኛ መጠን፣ ገብቷል።

የመሬት መንቀጥቀጡም የዚህ ሂደት ድምፅ ነው። ቅርፊቱ ቀጭንና ትኩስ ስለሆነ ብዙ ጉልበት ሳያጠራቅም ይሰበራል፤ ስለዚህ በስምጥ ሸለቆው እንደ ጃፓን ያለ ታላቅ መናወጥ አይጠበቅም። መካከለኛውም ቢሆን ቤት ያፈርሳል። በ1961 ዓ.ም. የሰርዶ ከተማ በመንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛው 6 ገደማ ሆኖ፣ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ ብዙ ነዋሪዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል።

ቅልጡ ከላይ ሲደርስ የሚሆነው እንደ ጠባዩ ነው። 613 ሜትር ከፍታ ያለው ኤርታ አሌ ባዛልት ስለሚያወጣ ላቫው ቀጭን ነው፣ ይፈስሳል፤ ተራራውም ሰፊና ዝርግ ሆኗል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአፉ ውስጥ የላቫ ሐይቅ ነበረው። የእንዲህ ያለ ሐይቅ ገጽ ቀዝቅዞ ጥቁር ቆዳ ያወጣል፤ ቆዳው በቀይ መስመር ይሰነጠቃል፤ ቁራጮቹ ይራራቃሉ፣ ይጋጫሉ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ይሰምጣል። ነፋስ የነጠቀው የላቫ ጠብታ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ሆኖ በዳርቻው ይረግፋል። በጥር 2009 ዓ.ም. የኤርታ አሌ ሐይቅ ገንፍሎ ፈሰሰ፤ ወዲያውም ከደቡብ ምሥራቁ አዲስ ስንጥቅ ሲከፈት ወደ ታች ወረደ።

ሲሊካ የበዛበት ቅልጥ ግን ወፍራም ነው፤ ጋዙን አፍኖ ይዞ ይቆይና ይፈነዳል። ፈንታሌን የመሰሉት ተራሮች ባልጩትና እንደ ስፖንጅ የተነፋ ቀላል ድንጋይ የሞላባቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በኤርታ አሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ያለው ሃይሊ ጉቢ፣ ቀደም ሲል ፈንድቶ ስለማወቁ የተመዘገበ ነገር ሳይኖር፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በአፍዴራ አካባቢም የግጦሹን ሣር ሸፈነው።

በአፋር ያለው የዳናኪል ዝቅተኛ ምድር ወለል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዷል። ቀይ ባሕር ከዚህ በፊት ገብቶበት ያውቃል፤ ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት የበቀለ ዛጎልና ኮራል ዛሬም በዳርቻው ደርቆ ይታያል። ባሕሩ ተቆርጦ ሲተንን የቀረው ጨው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ጨው ቆራጮች በመጥረቢያ እየፈለጡ በግመል የሚጭኑት አሞሌ የዚያ ንብርብር አናት ነው። ባሕሩ አንድ ቀን ሊመለስ ቢችልም፣ በ1998ቱ ክስተት ማግስት የተሰማው «አፍሪካ ተከፈለች» የሚል ዜና ግን ተጣድፏል። 100 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ባሕር እንዲከፈት የ8 ሜትሩ ዓይነት ክስተት ከ12,000 ጊዜ በላይ መደጋገም አለበት፤ በአሁኑ ፍጥነት ይህ አምስት ሚሊዮን ዓመት ይወስዳል።