ካርቱም፦ በሁለት ዓባዮች መካከል

ልሳነ ምድር ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ጣሊያን ወይም ግሪክ ነው። ካርቱምም በቅርጿ ከእነሱ ወገን ናት፤ የከበባት ግን ባሕር ሳይሆን ወንዝ ነው። ጥቁር ዓባይ በሰሜን፣ ነጭ ዓባይ በምዕራብ ይዘዋት አል ሞግረን ላይ ይገናኛሉ። ከጥቁር ዓባይ ማዶ ባሕሪ፣ ከነጩ ማዶ ኦምዱርማን የተባሉ ከተሞች፣ በመጋጠሚያው ላይ ቱቲ ደሴት አሉ። በደቡብ በኩል ግን ወንዝም ተራራም የለም፤ የጀዚራ ሜዳ ነው። ከተማዋን ያስጨነቃት ይህ ክፍት ወገኗ ይመስለኛል።

ጥቁር ዓባይ ከጣና፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ተነሥቶ፣ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ካርቱም ሲደርስ 380 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል። በነሐሴ የደጋችንን አፈር ተሸክሞ ይሞላ፣ በበጋ ይከሳ ነበር። ነጩ ረጋ ያለ ነው፤ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ግማሽ ያህል ውሃውን በትነት አጥቶ ይመጣል።

በ1820ዎቹ (ዓ.ም ካልተባለ ዘመኑ እንደ ፈረንጆች ነው) የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና የተቆረቆረችው ከተማ በሃይማኖታዊው መሪ በማህዲ ሠራዊት ስትከበብ፣ እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን በደቡብ በኩል ከወንዝ እስከ ወንዝ በተዘረጋ ቦይና የአፈር ግንብ አሥር ወር ገደማ ተከላከለ። ነጭ ዓባይ ሲጎድል የምሽጉ ምዕራባዊ ጫፍ ጭቃ ላይ ቀረ። ማህዲስቶች ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ሌሊት በዚያ በኩል ገቡ። ጎርደን ተገደለ፤ የግሪኩ ቆንስል ሌዎንቲዲስም አልተረፈም። አሸናፊዎቹ መናገሻቸውን ኦምዱርማን ስላደረጉ፣ በ1889 መተማ ላይ የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ ራስ የተወሰደው ወደዚያው ነው። ካርቱም ዳግም የተገነባችው እንግሊዞች በ1898 ከተመለሱ በኋላ ነው።

ከእንግሊዞቹ ጦር ጋር ብዙ የግሪክ ነጋዴዎች መጡ። ጣሊያናውያኑ ቀድመው በሚሲዮን ገብተው ነበር፤ ጳጳሱ ዳንኤሌ ኮምቦኒ በ1881 እዚያው አረፈ፣ በስሙ የተጠራው ኮሌጅ በ1929 ተከፈተ። በ1952 የተከፈተው የግሪኮቹ አክሮፖል ሆቴል በ1977 ዓ.ም ድርቃችን ዘመን የዕርዳታ ሠራተኞችና የጋዜጠኞች ማደሪያ ሆነ። የ1970ው የሱዳኑ መሪ የኒሜሪ የንብረት ውርስ ግን ብዙ ግሪኮችን አስወጥቷል።

የእኛ ሰው ደግሞ በተለየ መንገድ ገባ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ካርቱም ተቀምጠው ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ለሚደረገው ዘመቻ ተዘጋጁ፤ «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ እየታተመ ወደ አርበኞች ይላክ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ ስደተኛው በዛ፤ ዴም ሰፈር አማርኛና ትግርኛ የሚሰማበት ሆነ። መላመዱ አላስቸገረም። ሱዳኖችም ቡናቸውን በጀበና ያፈላሉ፣ ዝንጅብል ይጨምሩበታል፤ ከማሽላ የሚጋገረው ኪስራ ከእንጀራ ቢሳሳም የሚያስጠላ አይደለም። ዘፈናቸውም በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ዘፋኙ መሐመድ ዋርዲ አዲስ አበባ ላይ እንደ አገር ልጅ ተደምጧል።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በመንግሥታዊው ጦርና በተቀናቃኙ ታጣቂ ኃይል መካከል በተነሣው ጦርነት ብዙው ውጊያ በድልድዮቹ ላይ ነበር፤ አንዱን የወንዝ ዳር ከሌላው የሚያገናኝ ሌላ መንገድ የለምና። መንግሥታዊው ጦር ጀዚራ ውስጥ ዋድ መዳኒን በጃንዋሪ 2025፣ ቤተ መንግሥቱን በማርች 21 አስመለሰ። በዚያ መካከል በመተማ በኩል ኢትዮጵያውያን ተመላሾችም ሱዳናውያን ስደተኞችም ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ከሱዳናውያኑ ብዙዎቹ ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ኩመርና አውላላ በተባሉ መጠለያዎች ተጠልለው ነበር።