ሸክላ ለእግር፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ቀኑን ሙሉ በፋብሪካ መኪና ፊት፣ በሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ወይም በምድጃ ዙሪያ ቆማ የምትውል ሴት ማታ ቤቷ ስትገባ ከሁሉ በፊት የሚያሠቃያት እግሯ ነው። ተረከዙ ይሰነጠቃል፤ ውስጥ እግሩ ይደድራል፤ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። ፊታችንን በየቀኑ ስንንከባከብ እግራችንን የምናስታውሰው ግን ሲያመን ብቻ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ሸክላ አፈርን በውሃ በጥብጦ እግርን መቀባት ድካም ያወጣል፣ መርዝ ይመጥጣል፣ ተረከዝ ያለሰልሳል ሲባል ሰምተው ይሆናል። ምናልባትም ለመሞከር አስበዋል። ከመሞከርዎ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሱ፤ የትኛው አፈር ነው? የሚቀባውስ በምን ዓይነት እግር ላይ ነው?

ሸክላ ምን ይሠራል?

ሸክላ አፈር እጅግ ደቃቅና ጠፍጣፋ ከሆኑ የማዕድን ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ውሃ በቅንጣቶቹ መካከል ሲገባ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ምጣድ የሚያበጁት በዚሁ ጠባዩ ተጠቅመው ነው። እግር ላይ ሲቀባም ላብና ቆሻሻ ይመጥጣል፤ ታሽቶ ሲታጠብ ከላይ ያለውን የሞተ ቆዳ በከፊል ይዞ ይሄዳል። ቅዝቃዜውም ለደከመ እግር ደስ ይላል። ጥቅሙ ይኸው ነው።

መርዝ ይመጥጣል የሚባለው ግን እውነት አይደለም። ከሰውነታችን ጎጂ ነገሮችን አጣርተው የሚያስወግዱት በተለይ ጉበትና ኩላሊት ናቸው እንጂ በእግር ቆዳ በኩል በጭቃ ተስቦ የሚወጣ መርዝ የለም።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በውስጥ እግራችን ቆዳ ላይ የላብ ዕጢዎች በብዛት ሲገኙ ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች ግን የሉም። ተረከዝ ቶሎ ከሚደርቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ስለሆነም ሸክላው እግር ላይ ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ከቆየ ያለችውንም ርጥበት ይወስዳል፤ ለስላሳ ተረከዝ ሲጠብቁ የባሰ ንቃቃት ያገኛሉ።

የጓሮ አፈር ለምን አይሆንም?

አንዳንድ እናቶች አፈር ያው አፈር ነው በማለት ከጓሮ ወይም ከወንዝ ዳር ቆፍረው ያመጣሉ። ይህ አደገኛ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተሕዋስያን በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራሉ። አፈሩን ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ በፈላ ውሃ መበጥበጥ አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድላቸውም። በተሰነጠቀ ተረከዝ በኩል ከገቡ ደግሞ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳሉ።

በአገራችን ደጋማ ቦታዎች የሚገኘው ቀይ አፈርም የራሱ ታሪክ አለው። በወላይታ፣ በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች እግርን የሚያሳብጠው የዝሆኔ በሽታ አንዱ ዓይነት የሚመጣው ከዚህ አፈር ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ ብሪታንያዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ባካሄዱት ጥናት በሽታውን ከእሳተ ገሞራ ከመጣ ቀይ አፈር ጋር አያይዘውታል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለው ስሙም እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።

ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ላይ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ በኩል እየገቡ ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያስተላልፉትን ቀጫጭን ሥሮች ያስቆጣሉ፤ ሥሮቹ ሲጎዱ እግር ያብጣል። ለበሽታው በዘር ይበልጥ የሚጋለጡ ቤተሰቦች አሉ። በአንድ ቀን ጭቃ መቀባት ይህ በሽታ አይመጣም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን ማግለል ግፍ ነው።

ለዚህ በሽታ የሚሰጠው እንክብካቤ ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል፤ እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ማለስለሻ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን የመሰለ ቀላል እንክብካቤ ትኩሳትና ኃይለኛ ሕመም እያስከተለ የሚነሣባቸውን የእግር መቆጣት ቀንሶላቸዋል።

እንዴት ይደረጋል?

እግርዎ ጤነኛ ከሆነና ሸክላውን መሞከር ከፈለጉ የሚከተለውን ያድርጉ።

1. ካኦሊን የተባለውን ነጭ ሸክላ ወይም ለቆዳ ተብሎ የተዘጋጀና የታሸገ ሸክላ ከመድኃኒት ቤት ወይም ከመዋቢያ ዕቃ መደብር ይግዙ። ለምጣድና ለግድግዳ የሚሆን አፈር አይጠቀሙ።

2. ለብ ያለ ውሃ በሣፋ ያዘጋጁ። ሙቀቱን በክርንዎ ይለኩ። እግርዎን ለ10 ደቂቃ ያህል ነክረው በሳሙና ይጠቡ።

3. የደደረውን ተረከዝ በእግር መፈተጊያ ድንጋይ ቀስ አድርገው ይሹት። በምላጭ መፋቅ ነውርም ጉዳትም ነው።

4. ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሸክላ በንጹሕ ውሃ እንደ ገንፎ እስኪወፍር ያዋሕዱና በስሱ ይቀቡ። በጣቶች መካከል አይቀቡ።

5. አበው ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዳሉት፣ ከ10 ደቂቃ ሳያልፍ፣ ገና ርጥብ ሳለ ይታጠቡ። በተለይ የጣቶችን መካከል በፎጣ በደንብ ያድርቁ።

6. ወዲያውኑ ተረከዝዎን ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ቀብተው ንጹሕ የጥጥ ካልሲ አድርገው ይተኙ።

ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል። ለሸክላው ገንዘብ ከሌለዎትም አይጨነቁ። ሸክላው ቀርቶ ለብ ያለው ውሃ፣ ሳሙናው፣ ድንጋዩና ቫዝሊኑ ብቻ ማታ ማታ ቢደረጉ ተረከዝ ይለሰልሳል። ሸክላው ለደስታ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው።

እነማን መተው አለባቸው?

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሸክላ መቀባትም፣ እግሩን በውሃ ነክሮ መቆየትም፣ በድንጋይ መፈተግም የለበትም። በሽታው የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቃጠሎውም ቁስሉም ላይታወቀው ይችላል። የደማ ንቃቃት፣ ቁስል ወይም በጣቶች መካከል የሚያሳክክና የሚላጥ ነገር ያለበትም ሸክላውን ትቶ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አንድ እግር ብቻ በድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላና ቢያተኩስ ለነገ አይባልም። ነፍሰ ጡር እናትም ከእግሯ ጋር ፊቷና እጆቿ ካበጡ፣ ብርቱ ራስ ምታትም ከተሰማት ድካም ነው ብላ ሳትዘናጋ ወዲያውኑ ትመርመር። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎ የተሟላ መሆኑንም ጤና ጣቢያ ሄደው ያረጋግጡ።

በመጨረሻም ዛሬ ማታ እግርዎን ሲታጠቡ የቤተሰቡን እግር ሁሉ ይመልከቱ። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ በባዶ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ይጫወታሉ? በቤትዎ የምታግዝዎት ልጅ ጫማዋ አልቋል? ለሸክላ ያሰቡት ገንዘብ ለእርሷ ጫማ ቢውል፣ በዚያ ሳምንት በቤትዎ ከተደረገው የእግር እንክብካቤ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።